የጾም ከረሜላ

ሀብትነሽ ከረሜላ አትወድም። ከልጅነቷ ጀምሮ ጥርሷን ስለሚያማት ጣፋጭ ነገር አፏ ሲገባ ግንባሯን ትቋጥራለች። ሻይ እንኳ የምትጠጣው ያለ ስኳር ነው። የሦስት ከረሜላ ማሽኖች ባለቤት ሆና የቀረችው እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ማሽኖቹ የባሏ የደምለው ነበሩ። እኔ የደምለው ታላቅ እህት ነኝ። ከአዲስ አበባ ዕቃ ይዞ ሲመለስ፣ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ደጀን በሚወጣው መንገድ ላይ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። ስለዚያ እዚህ ብዙ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ሚስቱ ነው።

ማሽን ስላችሁ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። በአንድ የብረት እግር ላይ የቆመ፣ ራሱ እንደ ብርሌ ውስጡን የሚያሳይ ድቡልቡል ፕላስቲክ፣ አንገቱ ላይ ደግሞ እጀታ ያለው ዕቃ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም ትከቱና እጀታውን ትጠመዝዛላችሁ፤ ከረሜላ ተንከባሎ በሥር ይወጣል። ከውስጥ ዙሪያውን የተቦረቦረ ክብ ብረት አለ፤ ከላይ ከረሜላውን ተቀብሎ ወደ ታች የሚጥለው እሱ ነው። ደምለው “መንጋጋ” ይለው ነበር። “ልጅ የሚከፍለው ለመጠምዘዙ ነው፤ ከረሜላው ምርቃት ነው” እያለ ይስቅ ነበር።

አንዱን ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ የአስናቀች ሻይ ቤት አቆመው። ሁለተኛውን እዚያው ቢቸና አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ፣ ተራ የሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር አጠገብ። ሦስተኛውን ሞጣ፣ ከትምህርት ቤት ፊት ለፊት ፋንታ የሚባል ሰው ደብተርና እስክርቢቶ የሚሸጥበት፣ ፎቶ ኮፒም የሚያነሣበት ሱቅ በር ላይ።

አርባው ወጥቶ ሰው ሲበተን ቤቱ ውስጥ የቀረነው ጥቂት ነበርን። እናቴ እማሆይ ወለተ ሐና አባቴ ከሞቱ በኋላ ቆብ የደፉ የሞጣ ሴት ናቸው። የደምለውን ልጅ ጸደንያን ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሀብትነሽን ጠየቋት።

“በምን ታሳድጊያታለሽ?”

“የደምለው ማሽኖች አሉ እማሆይ።”

“ማሽን ልጅ ያሳድጋል? ይህን ቤት ያቆመው ልጄ ነው።”

ጓዳው ባዶ እየሆነ እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ነገሩን የቆረጡት የእናቴ የአጎት ልጅ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው።

“ልጅቷ ለጊዜው ከአያቷ ጋር ሞጣ ትሂድ፤ እዚያ ትማር። የፋሲካ ማግሥት እንገናኝ። ሀብትነሽ በእግሯ ቆማ ካገኘናት ልጇን ትወስዳለች። ካልቆመች ግን ልጅ እንደ ችግኝ ወዲያ ወዲህ አይነቀልም፤ ጸደንያ እዚያው ትቀራለች።”

ሀብትነሽ “እሺ” አለች። ጸደንያ በማግሥቱ ከአያቷ ጋር በሚኒባስ ሄደች። እናቷ መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት፤ መኪናው ከዓይን ከጠፋ በኋላ አስናቀች ሻይ ቤት ገብታ የደምለውን ማሽን በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል አየኋት።

ከዚያ ከረሜላ መማር ጀመረች።

መጀመሪያ ያልገባት ሁሉም ከረሜላ ለማሽን እንደማይሆን ነው። በወረቀት የተጠቀለለ አይወርድም። ለስላሳው ይጣበቃል። ሚንት ከረሜላ ደግሞ ይፈረፈርና መንጋጋውን በዱቄት ይሞላዋል። ትልልቁ ማስቲካ መንገድ ላይ ይወተፋል። ደምለው ይህን ሁሉ በልቡ ይዞት ነበርና የነገረን የለም። ስለዚህ አንዱን መንጋጋ ፈትታ በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ዓለምነህ ጅምላ መሸጫ መሄድ ጀመረች። እያንዳንዱን ከረሜላ ጉድጓዱ ውስጥ እያስገባች ትለካለች።

“ሀብትዬ፣ ጥርስ ሐኪም ሆንሽ እንዴ?” ይላታል ዓለምነህ።

“ዝም ብለህ ያንን ቢጫውን አቀብለኝ።”

“ቅመሺው እንጂ! ከረሜላ በብረት ይለካል?”

“አልወድም።”

“የማትበዪውን ትሸጫለሽ?”

“አንተስ የምስማሩን ካርቶን የምትሸጠው በልተኸው ነው?”

በዚህ ዓይነት እየተሳሳተች ለመደችው። አስናቀች ሻይ ቤት ያለውን ማሽን ከምድጃው ራቅ አደረገችው፤ እንፋሎቱ ከረሜላውን እያላበ አንድ ጉብታ ያደርገው ነበር። መናኸሪያ ላይ የሎሚ ከረሜላ እንደሚሄድ አወቀች፤ ወደ ደጀን የሚወርድ ሰው የዐባይን ጠመዝማዛ እያሰበ ገና ሳይሳፈር ሆዱ ይገለበጣል። ክሊኒኩ ላይም ጎምዘዝ ያለ ነው የሚፈለገው፤ መድኃኒት ያመረረው አፍም ሆነ የእርጉዝ ሴት አፍ ጣፋጭ አይወድም። ይህን የነገረቻት ከወለጋ ተመድባ የመጣችው ነርስ ሃና ናት። ሞጣ ላይ ግን ገዢው ተማሪ ነው። “ልጅ የሚገዛው በዓይኑ ነው” አለችኝ ሀብትነሽ አንድ ቀን። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ካልተደባለቀበት ማሽኑ አጠገብ አይቆሙም።

የሞጣው ማሽን ለእሷ ሌላም ነገር ነበር። መሙያው ሲደርስ በደብረ ወርቅ አድርጋ ሞጣ ትሄዳለች፤ ትምህርት ቤቱ ሲለቀቅ ጸደንያ እየሮጠች ትመጣለች። ሀብትነሽ ሳንቲም ትሰጣታለች፤ ልጅቷ ትጠመዝዛለች። ከዚያ አብረው እስከ አያቷ በር ይሄዳሉ፤ ሀብትነሽ መኪና ሳያመልጣት ትመለሳለች። ሌላ መገናኛ አልነበራቸውም። እናቴ ክፉ ሆነው አይደለም። ልጃቸውን ቀብረው የተረፈቻቸው ይቺው ልጅ ስለሆነች ከእጃቸው ስትወጣ ይጨንቃቸዋል።

ከጥምቀት በኋላ መንገድ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ፣ መቼ እንደሚከፈት የሚነግረን አልነበረም፤ በእኛ አገር በዚህ ጊዜ መንገድ ሲዘጋ ሰው ሽሮውን ቆጥቦ መቀመጥ ነው። ዕቃ ከአዲስ አበባ አልገባም። ፋንታ ስልክ ሲሠራለት ደውሎ “ማሽንሽ መላጣ ሆኗል፤ ልጆቹ ‘እትዬ ሀብትነሽ ሞተች ወይ?’ ይሉኛል” አላት። ስልኩን ዘግታ አለቀሰች።

መንገዱ የተከፈተው የሁዳዴ ቅበላ ሲደርስ ነው። እየሮጠች ዓለምነህ ጋ ሄደች። የነበረው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ አዲስ የገባ፣ እንደ ዶቃ ክብ የሆነ፣ ላዩ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ፣ ስድስት ቀለም የተቀላቀለበት። ከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ዓለምነህም እኔም የማናውቀው ፊደል ነው። መንጋጋውን አውጥታ ለካችው። ለማሽኑ ተለክቶ የተሠራ ይመስል እያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ሲፈታ አየሁ።

“ውስጡ ምንድን ነው?” አለችው።

“ስኳር ነዋ! ከረሜላ ውስጡ ሥጋ ይሆናል?”

አልነከሰችውም። ነክሳ አታውቅም።

ቅዳሜ ሞጣ ሄዳ ማሽኑን እስከ አንገቱ ሞላችው። ልጆቹ ተሰለፉ። ለጸደንያ ሳንቲሞች በመሐረብ ቋጥራ ሰጠቻት፤ “አንድ አንድ እያልሽ ጠምዝዢ” ብላ ስማት ተመለሰች። ሰኞ ሁዳዴ ገባ።

ጸደንያ ዘንድሮ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። ስለዚህ ሁዳዴን ስትጾም የመጀመሪያዋ ነበር፤ አያቷ እስከ እኩለ ቀን አስጹመዋት ምሳዋን በሽሮ ያበሏት ነበር። በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከእናቷ ማሽን አንድ ቀይ አወጣችና መንገድ ላይ ሰነጠቀችው። ውስጡ ነጭ ነበር። ልጅ ናትና ደስ ብሏት ግማሹን በመዳፏ ይዛ እየሮጠች ገባች።

“እማሆይ፣ እማሆይ፣ ውስጡ ወተት አለው!”

እናቴ ተቀብለው አሸተቱት። በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከዚያ የልጅቷን አፍ በውኃ አጠቡ።

በማግሥቱ ፋንታ ደወለ። ፋንታ ሳይቀልድ ወሬ መጀመር አይችልም።

“እመቤት፣ ማሽንሽ በሁዳዴ ፈስኳል!”

“ምን ሆነ?”

“ወተት ነው ያበላሽን። ጠዋት አንዲት እናት መጥታ ይህን ሱቅ ልታፈርሰው ነበር። ‘የቄስ ልጅ በጾም ወተት ታበላለህ?’ ትለኛለች። እኔ ምን ላድርግ፣ የፎቶ ኮፒ ካርቶን ደፋሁበት።” ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። “ሀብትነሽ፣ ቶሎ ነዪ። ያንቺም ልጅ በልታለች ይባላል።”

በመጀመሪያው መኪና ሄደች። ወደ ማሽኑ ሳትሄድ በቀጥታ እናቴ ቤት። እናቴ በሩ ላይ ቆሙ፤ ግቢ አላሏትም።

“አላወቅሁም እማሆይ። በእግዚአብሔር፣ አላወቅሁም።”

“አለማወቅሽንማ አላጣሁትም። የማታውቂውን ለልጅ አፍ ትሰጫለሽ ወይ?”

ይህስ እውነት ነበር።

“ደምለው ይህን አያደርገውም ነበር” አሉ እናቴ። “እናት ማለት ጾሙን ከፍስኩ ለይታ የምታበላ ናት። ስትቆሚ ውሰጃት ተባለ እንጂ ስትስቺ አልተባለም። ለማንኛውም የፋሲካ ማግሥት ሽማግሌው ይስሙት።”

“ጸደንያን ልያት።”

“የለችም። ቤተ ክርስቲያን ልኬአታለሁ።”

ከውስጥ የልጅ ሳል ተሰማ። ሀብትነሽ የልጇን ሳል ታውቀዋለች። እናቴም መስማቷን አወቁ። ሀብትነሽ አጎንብሳ ተሰናብታ ሄደች።

ፋንታ ሱቅ ደርሳ ከረሜላውን ወደ ከረጢቱ ገለበጠችው። የሎሚ ከረሜላ ከመናኸሪያው ቀንሳ ይዛ ነበር፤ ልትሞላው ስትል ፋንታ እጇን ያዛት።

“የምትሞዪው ማር ቢሆን አይገዙሽም። ሴቶቹ የፍስክ ዕቃ ነው እያሉ ነው። በወተት ዕቃ የጾም ወጥ ይሠራል?”

ሀብትነሽ ጎረቤት ሄዳ የወይራ አመድ ለመነች፤ ውኃም አፈላች። ማሽኑን በሱቁ በረንዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያት ፈታታችው። ድቡልቡሉን ራስ፣ መንጋጋውን፣ እጀታውን፣ መውጫውን፣ ሁሉንም በአመድ እያሸች በፈላ ውኃ ታጥብ ጀመር። ሴቶች ከበቧት።

“ክርስትና ልታስነሺው ነው?” አለ ፋንታ። “ስሙን ማን እንበለው?”

“ገብረ ስኳር በሉት!” አለች አንዷ።

“የክርስትና አባቱ ፋንታ ነዋ!”

ሳቁ በረንዳውን ሞላው። ሀብትነሽ ቀና አላለችም። መንጋጋው ውስጥ እያንዳንዱን ጉድጓድ በጣቷ እየዞረች አሸችው፤ አንድ አሮጊት ግን ጎንበስ ብለው አይተው “አይ፣ ነጽቷል። ነጽቷል ልጄ” አሉ። በዚያች ቃል ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ተመለሱ። ሎሚውን ገዙ።

ደስታዋ አልቆየም። ብረት እንደ ቅል አይደለም። አመዱ ከእጀታው ኋላ ካለው የሽቦ ሞላ ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ ውኃውም ተጨምሮበት፣ ሲደርቅ እንደ ስሚንቶ ያዘው። ማሽኑ ሳንቲም ይውጣል፤ ከረሜላ አይሰጥም። ልጆቹ “ሌባ!” እያሉ ይመቱት ጀመር። ፋንታ ዘይት ጨመረበት፤ አመዱ በዘይት ተለውሶ ጭራሽ ደነደነ። ሞጣ ያለው ብረት ሠሪ ሞላው ተሰብሯል፣ ሌላ ይፈለግ አለ። ከየት ይፈለጋል? የሚያውቀው ደምለው ነበር።

ወደ ቢቸና ስትመለስ እኔ ቤት መጣች። የወተቱን ከረሜላ ከረጢት ተሸክማለች። ዓለምነህ አልመልስም ብሏት ነበር።

“ከረሜላ የወጣ አይመለስም ሀብትዬ፤ እኔስ አውቄ ነው የሸጥኩልሽ?”

ክሊኒክ ይዛው ሄዳም ነበር። ነርሷ ሃና ጾም የላትም፤ ጴንጤ ናት። “እዚህ ሙዪው፤ ሕመምተኛና እርጉዝ እናንተስ ጋ አይጾሙም አይደል?” አለቻት። ሀብትነሽ ግን “ሳይነገረው የሚበላ አይጠፋም” ብላ ተሸክማው ወጣች።

ከረጢቱን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

“እታለም፣ ልጄ በከረሜላ ልትቀርብኝ ነው” አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ብትለኝ የሚያስቅ ቃል ነበር። ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩላት። ቆረሰች፤ እጇ ላይ ያዘችው እንጂ አልጎረሰችውም። “ስታስል ሰማኋት” አለች እንደገና። “በሩ አጠገብ ነው የተቀመጠችው። ድምፄን ሰምታ ነው ያሳለችው፤ ጉንፋን አይደለም።” እንጀራው እጇ ላይ ደረቀ።

ሁዳዴ ሲጋመስ ሞጣ የሚያስኬዳት ምክንያት አልነበራትም። የተበላሸ ማሽን አይሞላም። ሁለት ጊዜ ያለ ምክንያት ሄዳ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ቆመች፤ እናቴ ልጅቷን በሌላ በር ማስወጣት ጀምረው ነበር። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ፋንታ ደወለ። አንደበቱ ከብዶታል።

“ለፋሲካ የለስላሳ ማቀዝቀዣ ላስገባ ነው። ቦታው… ታውቂያለሽ።”

“አነሣዋለሁ።”

“ስሚኝማ። የፋሲካ ማግሥት ሱቄ ዝግ ነው። ለሽማግሌው ‘የሞጣውም ይሠራል’ በዪያቸው። ማን በበዓል መጥቶ ይጠመዝዛል? እኔም መጥቼ እመሰክርልሻለሁ። ልጅሽን ያዢና ሂጂ፤ ከዚያ በኋላ ቢሰበርም ተሰበረ ይባላል።”

አስናቀችም ይህንኑ መከረቻት። እኔ አድርጊው አላልኳትም፤ አታድርጊውም አላልኳትም።

ፋሲካን ለመዋል ሞጣ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር። ሌሊቱን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ጎሕ ሲቀድ፣ ጸደንያ የዶሮውን ወጥ ትታ አያቷ ፊት ቆመች።

“እማሆይ፣ ዛሬ ተፈስኳል አይደል?”

“አዎ፣ ተፈስኳል።”

“እንግዲያ ግማሼን ስጡኝ።”

እናቴ የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው ያቺን ግማሽ ቀይ ከረሜላ አወጡ። ሁዳዴውን ሙሉ ይዘዋት ኖረዋል። ልጅቷ አፏ ውስጥ ከታ ዓይኗን ጨፈነች። እናቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግሥቱ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ መጡ። ጠላ ቀረበላቸው። ፋንታም አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ለምስክርነት ተዘጋጅቶ ጥግ ተቀምጧል። ሀብትነሽ መጨረሻ ደረሰች፤ ስትገባ ብቻዋን አልነበረችም። ማሽኑን ከሱቁ በረንዳ አንሥታ በባጃጅ አምጥታ፣ ከባጃጁ እስከ ደጃፉ ታቅፋው ነው። አስቀምጣው ላቧን ጠረገች። ፋንታ ራሱን ያዘ።

“እህ፣ ልጄ ሀብትነሽ” አሉ መሪጌታ፣ “ቆመሻል?”

“ሁለቱ ይሠራሉ አባቴ። የመናኸሪያውና የክሊኒኩ። ይህ ግን ተበላሽቷል።”

“ማን አበላሸው?”

“እኔ።”

ፋንታ “እሱ እንኳ ያረጀ…” ሊል ጀምሮ ተወው።

እናቴ ከመደባቸው ተነሡ። ከልጃቸው ሞት ወዲህ ያንን ማሽን በቅርብ አላዩትም ነበር። ራሱን ዳሰሱት። እጀታውን ሞከሩት፤ አልዞረም። ጣታቸውን ወደ መውጫው ከተው ሲያወጡት ጫፉ ግራጫ ሆኗል።

“ይህ ምንድን ነው?”

“አመድ ነው እማሆይ።”

“የምን አመድ?”

“የወይራ።”

እናቴ ጣታቸውን አሸተቱ። “ብረት ውስጥ አመድ ምን ይሠራል?”

“የፍስክ ዕቃ ነው አሉኝ፤ ለጾም አጠብኩት።”

“በወይራ አመድ?”

“በወይራ አመድና በፈላ ውኃ። እርስዎ ነዎት ያሳዩኝ። ከደምለው ጋር የተጋባን ዓመት፣ ለሁዳዴ የወተቱን ማሰሮ ስናጥብ። ‘ጉድጓዱ ሁሉ ጣትሽን ይቅመስ’ አሉኝ። ሁሉንም ጉድጓድ በጣቴ ነው ያጠብኩት።”

ጸደንያ ከጓዳው መጋረጃ ሥር ብቅ ብላ እናቷን ታያለች፤ እንዳትመጣ የተነገራት ይመስላል።

“አንቺ ልጅ” አሉ እናቴ ቀስ ብለው፣ “ብረት እኮ በአመድ አይታጠብም። ይዝጋል።”

“አሁን አወቅሁ።”

እናቴ ሳቁ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ወዲያውም ሳቁ ሌላ ነገር ሆነባቸውና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

መሪጌታ ጠላቸውን አስቀመጡ። “ሁለቱ ይሠራሉ ነው ያልሽው?”

“አዎ አባቴ።”

“እንግዲያማ ሰው የሚቆመው በሁለት እግሩ ነው። ሦስተኛው ምርኩዝ ነው።” ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው ጠበቁ። መፍረድ ይችሉ ነበር፤ ቃሉ ከእናቴ እንዲወጣ ፈለጉ።

እናቴ ወደ መጋረጃው አዩ። “ጸደንያ፣ ልብስሽን ሰብስቢ” አሉ። ልጅቷ ግን ወደ ልብሷ አልሄደችም፤ እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ሀብትነሽ መሬት ላይ ተቀመጠችና ልጇን ያዘቻት፤ ለቅሶዋ ድምፅ አልነበረውም።

ሊወጡ ሲሉ ሀብትነሽ ማሽኑን ልታነሣ አጎነበሰች። እናቴ በእጃቸው አገዷት።

“ምርኩዙን ለእኔ ተዪልኝ።”

ይህ ከሆነ አንድ ዓመት አልሞላም። የወተቱ ከረሜላ ጾም በሌለበት በበዓለ ኀምሳ በሁለቱ ማሽኖች ተሸጦ አለቀ፤ መናኸሪያ ያለው ሰው ወዶት ነበር። ሀብትነሽ አሁን የሚገባውን ከረሜላ ሁሉ ትነክሳለች። ዓለምነህ ሱቅ ውስጥ ቆማ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ሰንጥቃ ውስጡን ታይና ትተፋዋለች። የጾም ቀን ከሆነ ነርሷን ሃናን ይዛ ትሄዳለች፤ የምትነክስላት እሷ ናት። ዓለምነህ “ቀማሽ ቀጠርሽ ደግሞ!” ይላታል። ኑሮዋ ቀላል ሆኗል አልልም። መንገድ ሲዘጋ ማሽኖቹ ባዷቸውን ይውላሉ፤ ያን ጊዜ ጸደንያን ይዛ እኔ ቤት ትመጣለች፤ ሽሮ እንበላለን።

በፍልሰታ እናቴን ልጠይቅ ሞጣ ሄጄ ነበር። ማሽኑ መደባቸው አጠገብ ቆሟል። ሀብትነሽ በበዓለ ኀምሳ ካመጣችላቸው የወተት ከረሜላ ሞልተውታል፤ እጀታው ስለማይሠራ ጸደንያ ስትመጣ በላይ በኩል ከፍተው በእጃቸው ይሰጧታል። እሳቸው አይቀምሱትም። ያን ቀን ግን ከረሜላው አይታይም ነበር፤ ከራሱ እስከ እግሩ በንጹሕ ነጠላ ተሸፍኗል።

“ማን እንዳያየው ነው እማሆይ? ቤቱ ውስጥ ልጅ የለም” አልኳቸው።

“ጾም ነው እኮ” አሉኝ፤ ነጠላውን ትከሻ እንደሚያለብሱ ሁሉ አስተካከሉት። “እሱም ይጹም።”